በሠርግ ገንዘብ የተከፈተች ምግብ ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምሳ የት ልብላ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው። ልጅቷ ቤት። ታፔላ የለውም። ንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ ስም አለ፤ በሱ የሚጠራት ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። አብማ ማርያም አካባቢ ነው። ባጃጅ ያዙና «ልጅቷ ቤት» በሉ፣ ያደርሳችኋል። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ነጭ የዳንቴል መጋረጃ፣ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ። በቃ ይኸው ነው።

እኔ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሥራ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። የምሳ ሰዓቴ አጭር ነው። ጨጓራም ስላለብኝ ያገኘሁትን አልበላም። እዚህ ቤት መብላት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከሦስት ወር አልፎኛል፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን። አንዴ ጎራ ብዬ የወጣሁበትን ቤት አይደለም የምነግራችሁ።

ከሽሮው ልጀምር። በትንሽ የሸክላ ድስት፣ እየተንተከተከች ነው የምትመጣው። መልኳ ደማቅ ቀይ አይደለም፤ ወደ ቡኒ ትወስዳለች። ሽሮዋን ራሷ ነው የምታዘጋጀው። ሽምብራ ይበዛል፣ አተር አለበት፣ ባቄላ ትንሽ ጣል ይደረግበታል። ጓያ አይገባበትም። ይህን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ ምክንያቱም ጓያ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይቀላቀላል። ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚያሽመደምድ ደግሞ ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ገና ያልተፈጨውን እህል በሰፌድ አውጥታ አሳየችኝ። «እትዬ፣ እዩት፣ በእጅዎ ይዝገኑት» አለችኝ። ዘገንኩት። ንጹሕ ሽምብራና አተር፣ ነጭ አዝሙዱና ደረቅ በሶብላው ጣል ጣል ብሎበት። በርበሬው በቡሬ በኩል የሚመጣ ነው። ያቃጥላል፣ ግን ጨጓራዬን አስነስቶብኝ አያውቅም።

እንጀራው ነጭ ጤፍ ነው፤ ከእነማይ በኩል ነው የሚመጣላት። ሊጡ በደንብ ይቦካል፣ አብሲቱን አትዘልም። ዓይናም ነው፤ እጅ ላይ አይቆራረስም፣ ወጥ ውስጥ ገብቶ አይሟሟም። ጭማሪ ስትጠይቁ ፊቷን አታጠቁርም። ጭማሪው ግን ሒሳብ አለው፤ 20 ብር። በፊት ነጻ ነበር። ጤፍ ሲወደድ ነው ያስከፈለችው፣ ያኔም ግድግዳው ላይ ጽፋ ለጥፋ ነው። ሒሳብ ሲመጣ ድንገተኛ ነገር የለም።

ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አለ። ምስሩ ደህና ነው፣ ጎመኑም ደህና ነው። የድንች አልጫው ግን ይለያል። ከጮቄ ሥር ያለውን አገር ድንች የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ አፍ ውስጥ የሚፈርስ። ትሪው ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ ማንኪያ ስልጆ ታስቀምጥላችኋለች። ስልጆ! የባቄላ ዱቄትና ሱፍ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰረስር፣ ቀናት የተቀመጠ። እናቴ በሁዳዴ ትሠራው ነበር። በምግብ ቤት ደረጃ ስልጆ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት ቀን ማንኪያውን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ወረድ ስትሉ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ዋጋ፦ ሽሮ 120 ብር፣ በያይነቱ 150፣ ጠዋት ፍርፍር 100፣ ቅንጬ 80፣ ቡና 20። በቴሌብርም መክፈል ይቻላል። እኔ የማውቀው የዛሬውን ነው፤ ስትሄዱ ጨምሮ ብታገኙት አትውቀሱኝ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ከስድስት ተኩል በኋላ ከመጣችሁ ቦታ አታገኙም። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ይሞሉታል። ቡናው ይዘገያል። ቡና የምታፈላው ልጅ አንድ ናት፣ እሷው ናት ሰሃን የምታጥበው። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ተከራዮች ጋር የጋራ ነው፤ ቁልፉን ከባንኮኒው ላይ ነው የምትወስዱት። ንጹሕ ነው፣ ግን ዝናብ ካለ ጭቃውን ተሻግሮ መሄድ አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምጣዱ ወደ ማገዶ ይዞራል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ እስከ ውስጥ ይገባል። ዓይን ያለቅሳል። የማርቆስን ብርድ የምታውቁ ግን ያኔ እሳቱ አጠገብ መቀመጡን አትጠሉትም። አንድ ዓርብ ሽሮው ጨው በዝቶበት መጣ። ነገርኳት። ቀምሳ ፊቷ ተለወጠ፣ ከሌሎቹም ጠረጴዛዎች ሰብስባ አነሳችው፣ ሌላ ሠራች። ያን ቀን ከማናችንም ገንዘብ አልተቀበለችም። ሥራ ስለረፈደብኝ ተናድጄ ነበር፣ ግን አመሻሹ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው እንዲህ የሚያደርግ ቤት በከተማው ስንት አለ አልኩ።

ይህ የምግቡ ነገር ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ቤቱ እንዴት እንደተከፈተ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ልጅቷን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን አይጻፉት እንጂ ሌላውን ይጻፉት፣ ምናልባት አንድ አባት ያነበው ይሆናል» ነው ያለችኝ።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። አባቷ የእህል ነጋዴ ነው። መጋዘን አለው፣ ሁለት የጭነት መኪና አለው፣ የሚከራይ ቤትም አለው። ባጭሩ ያለው ሰው ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና አረገዘች። ልጁም እዚያው የሚማር ነበር። ተመርቆ ሄደ፣ ስልኩን ቀየረ። ሰባት ወር ሲሆናት ሆዷን መደበቅ አልቻለችም። አባቷ አልመታትም፣ አልጮኸባትም። «ከዚህ ቤት ውጪ» አላት፤ በቃ። ወጣች።

አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የወለደችው። ሴት ልጅ። እናቷ ገንፎ ልታበላት የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው፣ ከመሸ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ አጎንብሳ ሳመቻት፣ አንድ ሰዓት ሳትቆይ ተነሣች። የሰማንያ ቀኑ ክርስትና ላይ የልጅቷ አባት የለም። ታናናሽ እህቶቿ የሉም። የክርስትና እናት የሆነችው ያቺው አክስት ናት። ከዚያ ልጅቷ አንድ ክፍል ተከራየች። ለሻይ ቤቶች እንጀራ መጋገር ጀመረች። ትምህርቱ ቀረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሕፃኗ አንድ ዓመት ከምናምን ሲሆናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ክንዷን ለካች። የምታውቁት ያ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያለው ቢጫ ነው። ቢጫ ላይ ቆመ። የምግብ እጥረት ጀምሯታል ማለት ነው። አያቷ መጋዘን ውስጥ ጤፍ እስከ ጣራ ተደርድሯል። በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም።

ያለው ወላጅ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግን ወጣት መርዳት አለበት ወይስ የለበትም? ሰው ይህን ሲከራከር ሰምቻለሁ። ቢሮ ውስጥ፣ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። «ከረዳሃት ታናናሾቿ ምን ይማራሉ?» ይላሉ። «ራሷ ባመጣችው ትቀጣ» ይላሉ። እኔ ይህን የሚሉትን ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው፣ የሰው አፍም ከባድ ነው። ግን ያ ቢጫ ጥብጣብ የታሰረው በእናቲቱ ክንድ ላይ አይደለም። በሕፃኗ ክንድ ላይ ነው። እሷ ምን አጠፋች? ታናናሾቹን በተመለከተም ልጅቷን ጠይቄያት ነበር። በእነዚያ ወራት የተማሩት አንድ ነገር ነው። ለአባታቸው ምንም ነገር አለመንገር።

ሕጉንም ላንሣ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን 19 ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ብዙ አይቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። ስለዚህ ያንን «ዲቃላ» የሚባለውን ቃል ሕጉ አያውቀውም። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ቀለብን በባልና ሚስት ወይም በአባትና በሕፃን ልጅ ላይ ብቻ አላቆመውም። ወደ ላይም ወደ ታችም በቀጥታ የሚወለዱ ሰዎች አንዱ ለአንዱ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር ያልቻለ ከሆነ ማለት ነው። አያትም እዚያ ውስጥ አለ። እኔ በየሳምንቱ በሕፃናት አባቶች ላይ የሚቀርብ የቀለብ አቤቱታ እቀበላለሁ። ቁጥር እሰጣለሁ፣ ቀጠሮ እጽፋለሁ። ልጅ ወላጅ አባቷን «ቀለብ ይስጠኝ» ብላ ስትከስ ግን አንድም ቀን አላየሁም። መብቱ ስለሌለ አይደለም። የጎጃም ሴት ልጅ አባቷን ተጠሪ አድርጋ ችሎት አታቆምም። ሞቷን ትመርጣለች። ስለዚህ ይህ ነገር ፍርድ ቤት የሚጨርሰው አይደለም፤ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው።

(የሕፃኗን አባት ግን ክሰሺው እላታለሁ። መዝገቡን ራሴ እከፍትልሻለሁ ብያታለሁ። «እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» ትለኛለች። እየጠበቅኳት ነው።)

እንዴት ተፈታ? ልጅቷ የጥብጣቡን ቀለም ካየች በኋላ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። በሦስተኛው ቀን አክስቷን ይዛ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደች። ቄሱ አባትየውን አነጋገሩት። «ትምጣ» አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃኗን አዝላ ሄደች። በወጣችበት በር ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ ገባች። እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃለች ብለው ነበር የጠበቁት። ጉልበቱን ሳመች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ ቀና ብላ ያለችውን እንደነገረችኝ ልጻፈው።

«አባባ፣ ለታላቅ እኅቴ ሠርግ ሦስት ሰንጋ ጥለሃል። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆሟል። ጠጁ፣ መኪናው፣ ልብሱ። እኔ ሠርግ የለኝም። የእኔንም ቆጥረህ ስጠኝ።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። እናቷ ወደ ጓዳ ገባች። አባቷ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነጋዴ ነውና የነጋዴ ቃል ተናገረ። «ምን ልትሠሪበት ነው? ሒሳቡን ጽፈሽ አምጪ።»

ጻፈች። ያን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ባንኮኒው ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ከስኩዌር ደብተር የተገነጠለ ሁለት ቅጠል። የስድስት ወር ቤት ኪራይ ቅድሚያ 48,000 ብር። ፍሪጅ። የኤሌክትሪክ ምጣድ። የሲሊንደር ምድጃ። ስድስት ጠረጴዛ፣ ሃያ አራት ወንበር። ሁለት ኩንታል ጤፍ። ሽምብራ፣ አተር፣ በርበሬ፣ ዘይት። ቴሌቪዥን። አባትየው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ሰርዟል፤ ቴሌቪዥኑን። ከታች ደግሞ በራሱ እጅ፣ ትልልቅ በሆነ የድሮ ሰው ጽሕፈት አንድ ነገር ጨምሯል። «ሮቶ 1»። ውኃ እንደሚጠፋ ያውቃል። ከሮቶው ቀጥሎ ድምሩን ጽፏል፦ 350,000።

ያን «ሮቶ 1» ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሰውየው ልጁን ማሰብ የጀመረው እዚያች መስመር ላይ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ያስብ የነበረው ስለ ስሙ ነው።

ግማሹን ስጦታ አለው፣ ግማሹን ብድር፣ ያለ ወለድ። በወር 5,000 ብር ትመልስለታለች። ሌላ ደብተር አለ ለዚህ። በየወሩ የእሷ ፊርማ፣ ከጎኑ የእሱ ፊርማ። እስካሁን 17 ፊርማ ሆኗል። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። የእኅቷን ሠርግ ገንዘብ ማን መለሰለት? ሦስቱን ሰንጋ ማን ከፈለ? የሠርግ ገንዘብ ከሆነ የሠርግ ገንዘብ ነው፤ ብድር አይደለም። እሷ ግን በዚህ ላይ ልቧ ደንዳና ነው። «እትዬ፣ ልክፈለው። ወሩ በደረሰ ቁጥር እሱ ይመጣል፣ እኔ እሰጠዋለሁ፣ እንፈራረማለን። ብሩ ሲያልቅ ምን ብሎ እንደሚመጣ አላውቅም» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

የራሴንም ልንገራችሁ። ያን ስልጆ ቀምሼ ለምን ዝም እንዳልኩ ይገባችሁ ዘንድ።

እኔም በ21 ዓመቴ ያለ ባል ወልጃለሁ። አባቴ በአንዲት የወረዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ነበረው። ለአካባቢው ሀብታም የሚባል ሰው ነበር። በሩን ዘጋብኝ። እናቴ ግን አልቻለችም። በየሁለት ሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ትልካለች። ዱቄት በስልቻ፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በሁዳዴ ደግሞ ስልጆ በትንሽ ጣሳ። ልጁ የሚመጣው ከመሸ ነው። በሩን በሁለት ጣት ነው የሚያንኳኳው። እቃውን አስቀምጦ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይሮጣል። ያ ዱቄት ልጄን አሳድጎታል፤ እናቴን እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። ግን በእያንዳንዱ ምሽት ያ በሁለት ጣት የሚያንኳኳ ድምፅ የሚነግረኝ ነገር ነበር። በቀን የምትታይ ሰው አይደለሽም ይለኝ ነበር። አባቴ ሞተ። ልጄ አሁን 24 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል። የአያቱን ፊት የሚያውቀው ሣጥን ላይ ከተደረገ ፎቶ ነው።

ስለዚህ መርዳት አለባቸው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። አለባቸው። ካላቸው አለባቸው። እኔ የምከራከረው እንዴት ይሰጥ የሚለው ላይ ነው። በቀን ይሰጥ። ጎረቤት እያየ፣ በዋናው በር። ለሠርግ የሚሰጥ ገንዘብ በጓሮ በር አይገባም፤ ይህም እንደዚያው ይሁን።

ሌላ አይነት እርዳታም አለ፣ እሱንም እፈራዋለሁ። የማውቃት አንዲት ሴት አለች፣ ባሕር ዳር። ወላጆቿ ባለጸጎች ናቸው። ከወለደች ቀን ጀምሮ ምንም አላጎደሉባትም። ቤት ተከራዩላት፣ ሠራተኛ ቀጠሩላት፣ ወተት፣ ዳይፐር፣ ሁሉም ሞልቷል። ግን የት ዋልሽ፣ ማን ደወለልሽ፣ ለምን ያንን ለበስሽ፤ በየቀኑ። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሕይወትሽን ጀምሪ» ብለው ወሰዱት። አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። አያቱን «እማዬ» ይላል። እናቱን በስሟ ይጠራታል። በዓል ላይ አብረው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ልጁ ወድቆ አልቅሶ በአጠገቧ ሮጦ ወደ አያቱ ሲሄድ ፊቷን አይቼዋለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንደውም ከልባቸው የረዱ ይመስላቸዋል። ገንዘብ ሲሰጥ ልጁም አብሮ የሚወሰድ ከሆነ ግን እኔ እርዳታ አልለውም።

እዚህ ቤት ሕፃኗ ከእናቷ ጋር ናት። አሁን ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ባንኮኒው ጥግ ላይ የእሷ ቦታ አለ፤ የቢራ ሳጥን ተገልብጦ በላዩ ጨርቅ ተነጥፎበታል። እዚያ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፤ ማለቴ የለቀመች ይመስላታል፣ ድንጋዩንም ምስሩንም ወደ አንድ ሰሃን ነው የምታስገባው። ምሳ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፍትፍት የእሷ ነው። እኛ ቆመን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ «አባቷ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አባት የላትም። አያት አላት። ቅዳሜ ይመጣል» አለችው። ድምጿ አልተለወጠም። ሰውየው ሽሮውን በላ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሥራ ስለሌለኝ አንዳንዴ ለፍርፍር እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜም ነበርኩ። አባትየው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ረጅም ሰው ነው፣ ጋቢ ደርቦ፣ ባርኔጣውን በሩ ላይ አውልቆ ይገባል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሕፃኗ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትመጣለች። ማንቆርቆሪያው ከብዷት በሁለት እጇ ነው የምትይዘው፣ ግማሹ ውኃ እግሩ ላይ ነው የሚፈስሰው። እሱ እጁን ዝቅ አድርጎ ይይዝላታል። ጫማው ሲረጥብ ዝም ይላል። ፍርፍር ያዛል፣ ቡና ያዛል። ከሰሃኑ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሕፃኗ ያጎርሳታል። ሲጨርስ ሒሳብ ይጠይቃል። 120 ብር። ልጁ ስለሆነች ገንዘቡን እንቢ የምትል መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። አትልም። ትቀበለዋለች፣ ሁለት መቶ ከሰጣት መልሱን ቆጥራ ትሰጠዋለች። እሱም ቆጥሮ ይቀበላል። ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ያልፋል፣ ያየዋል፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ይለዋል። እሱም ቁጭ ብሎ ይመልሳል።

አንድ ዓመት ከአሥር ወር ግን ዘገየ። ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። ሕፃኗ ከተወለደችበት ቤቱ እስከተከፈተበት ድረስ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ነው። በዚያ ጊዜ የተቋረጠ ትምህርት አለ፣ ያ ቢጫ ጥብጣብ አለ። አባትየውን አሁን ሳየው አከብረዋለሁ፣ ሰላምታ እሰጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ልረሳለት አልቻልኩም። ሕፃኗ አሁን አረንጓዴ ላይ ናት። ልጅቷም በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርቷን ለመቀጠል ፎርም ወስዳለች። ምሽት ላይ ቤቱን ማን ይይዛል የሚለው ገና አልተፈታም። ቡና የምታፈላው ልጅ ትችላለች ብያታለሁ፤ ሰሃን የሚያጥብ ሌላ ሰው ከተቀጠረ ማለት ነው።

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። ዓርብ ከሆነ ስልጆ ጨምሪልኝ በሏት፣ ትጨምራለች። ዝናብ ካለ መጸዳጃ ቤቱን በሌላ ቦታ ጨርሳችሁ ሂዱ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ጠዋት ጠዋት መልስ ይቸግራታል። ቅዳሜ ጠዋት ግን በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ተዉት። የተያዘ ነው።